ከመልካ ቁንጡሬ ድንጋይ ይዛችሁ አትምጡ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴና ከልጆቼ ጋር መልካ ቁንጡሬ የሚባለው የጥንት ሰዎች ቅሪት የሚቆፈርበት ቦታ ሄደን ነበር፣ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሙዚየሙን ጎጆ በጎጆ እየገባን አየንና ወደ አዋሽ ዳር ወረድን። በእግር ለሚሄድ ሰው እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ግን ምን ላይ እየረገጥን እንደሆነ ልብ ያለ ብዙ የለም።

ጎርፍ ከገደሉ ያወረደው ጠጠር ውስጥ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ኦብሲዲያን የሚሉት፣ መገኛው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባልጪት ነው፣ የጥንት ሰዎች እየጠረቡ ሲቆርጡበት ሲፍቁበት የኖሩ። የ9 ዓመቱ ልጄ አንዱን አንስቶ ኪሱ ከተተ፣ እኔም እውነቱን ልናገርና ምንም አልመሰለኝም። አስጎብኚው ግን አይቶት ኖሮ "ማሙሽ፣ እዛው ያነሳህበት መልሰው" አለው። ከዛ ቁጭ ብሎ አስረዳን፣ የድንጋዩን ዕድሜ ተመራማሪዎች የሚያውቁት ከተቀበረበት የአፈር ንጣፍ በላይና በታች ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፣ ከንጣፉ የወጣ ድንጋይ ይሄን ሁሉ ያጣል፣ ጎርፍ ያወረደው እንኳ የትኛው ንጣፍ እየተናደ እንደሆነ ይጠቁማል። ልጄ ያነሳበትን ቦታ ጎንበስ ብሎ ስንት ደቂቃ ፈለገ መሰላችሁ።

እኛ ስንመለስ ግን ሌሎች ሰዎች በፌስታል ይዘው ሲወጡ አየሁ፣ ክፋት አይደለም፣ የነገራቸው ስለሌለ ነው። ይሄ ቦታ እኮ እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ካገኘው ጀምሮ ስንት ዓመት ተቆፍሮ ተጠንቶ ነው በ2024 ከባልጪት ጋር ዩኔስኮ የመዘገበው። ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል 700 ሺህ ዓመት የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል፣ የትልልቅ ሰዎች ብቻ ሳይሆን የልጆችም፣ እሱን ስሰማ ጭቃው ላይ የሚሮጡትን የራሴን ልጆች አይቼ እንባዬ መጣ።

እባካችሁ ጻፉበት። መግቢያው ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ "ድንጋይ አታንሱ" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ይቆም፣ ተማሪ የሚወስዱ ትምህርት ቤቶችም ገና ባስ ላይ እያሉ ለልጆቹ ይንገሩልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ