ሦስት ቀሚስ ከአንድ ጨርቅ፦ ለመድረክ ሥራችን የድጋፍ ጥሪ

ልምምድ ከጀመርን አንስቶ በመድረኩ መሀል የተቀመጠው የስፌት መኪና የካርቶን ሳጥን ነው። ዋናዋ ተዋናይት ሳጥኑ ላይ አጎንብሳ እግሯን በባዶው ትረግጣለች፤ የመኪናውን ድምፅ በአፏ የምታወጣላት ተራዋን የምትጠብቅ ባልደረባዋ ናት። ለልምምድ ያስቃል። ለተመልካች ግን አይሆንም፤ እጃችንን የዘረጋነውም ለዚህ ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው በአንዲት ትንሽ ከተማ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው። አምስት ሴቶች ይገናኛሉ፤ ያወራሉ፣ ይተራረባሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ደግሞ ይታረቃሉ። በትንሽ ከተማ ምስጢር አይቀመጥም፤ የሰፊዋ ሜትር ደግሞ ከወሬም ይቀድማል። ከአምስቱ አንዷ አንዱን ቀሚስ ሦስት ጊዜ ልታስጠብብ ትመጣለች። በመጀመሪያው ቀን "ወገብሽን ለማን ብለሽ ነው ያቀጠንሽው?" እያሉ ያበሽቋታል። በሁለተኛው ቀልዱ ያጥራል። በሦስተኛው ሰፊዋ ለክታ ስታበቃ ቁጥሩን ጮክ ብላ አትናገርም። ቀጥሎ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ ብቻ ከዚህ ዝምታ በኋላ የሚመጣው ከቲያትሩ ሁሉ የሚያስቀው ትዕይንት ነው።

ወንዶች ይወራባቸዋል እንጂ በመድረኩ ላይ አይታዩም። ቅር የሚለው ካለ መድረክ በሴቶች ላይ የቆየ ዕዳ እንዳለበት ያስብልን። በጥንታዊት ግሪክ ቲያትር ሴት ሆነው የሚጫወቱት ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች ነበሩ። በእንግሊዝ የሕዝብ ቲያትር ቤቶችም እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህን ድርሻ የሚይዙት ወንዶች ልጆች ነበሩ። በሩ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን ለሴት ተዋናይ የሚደርሳት ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው እናት ወይም እጮኛ መሆን ነው። አሜሪካዊቷ የካርቱን ሠዓሊ አሊሰን ቤክዴል በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሥራ፣ ሁለት ሴቶች ከወንድ ሌላ ስለሆነ ነገር የሚያወሩበት ፊልም መኖሩን በቀልድ ጠይቃ ነበር። ጥያቄው እስከ ዛሬ መነሳቱ ብዙ ይናገራል።

ወደ ችግራችን ልመለስ። ከስፌት መኪናው (የማይሠራ አሮጌም ቢሆን ይበቃናል) ይልቅ የሚያሳስበን መብራት ነው። አሁን ያለን አንድ አምፖል ከአናት ላይ ስለሚያበራ የተዋንያኑ ዓይን በጥላ ይዋጣል። ፊት በደንብ እንዲታይ ብርሃኑ ከፊት ለፊት፣ በግራና በቀኝ፣ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ መውረድ አለበት። በዚህ ቲያትር ደግሞ ግማሹ ነገር የሚነገረው በዓይን ነው። የመብራቱን ኪራይና የአዳራሹን ክፍያ የምንሸፍነው በምታዋጡት ገንዘብ ይሆናል፤ የወጪውን ዝርዝር ደረሰኙን ጨምረን ለለጋሾች ሁሉ እናሳያለን። "ድር ቢያብር" የሚለውን ተረት ግን አልጠቅስም፤ በየልመናው ደክሞታል።

ገንዘብ የሌለው ሳቁን ያምጣ። ኮሜዲ ያለ ተመልካች አይለመድም፤ ተዋናይ ሳቁ እስኪበርድ ምን ያህል ዝም ማለት እንዳለባት የምትማረው ከሚስቅ ሰው ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ልምምዶች ክፍት አድርገናል፤ ባያስቃችሁም ያላሳቃችሁን ቦታ ትነግሩናላችሁ።

ጨርቅ ያላችሁም አስቡን። ያ አንድ ቀሚስ በመድረክ ላይ በየትዕይንቱ እየጠበበ እንዲታይ ከአንድ ዓይነት ጨርቅ በሦስት ልክ መሰፋት አለበት። ሁለቱ አልቀዋል። ሦስተኛውና ጠባቡ ገና አልተቆረጠም፤ ጨርቁ አልበቃም።