ስፔንስ «አልቆለት ነበር» ለሚሉት

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ፣ ቦክሰኛው ኤሮል ስፔንስ ከቴሬንስ ክሮፎርድ ጋር ሲገጥም ድሮውንም አልቆለት ነበር ብለዋል። አልስማማም።

እኔ ላስ ቬጋስ ታክሲ እነዳለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ምሽት ከቴክሳስ የመጡ ሁለት የስፔንስ ደጋፊዎችን ግጥሚያው ወደሚደረግበት ቲ-ሞባይል አሬና አድርሻለሁ። አንደኛው ስድስተኛው ዙር ላይ ክሮፎርድ እንደሚዘረር ሲምል መስኮቱን እየደበደበ ነበር፤ ቀስ በል እስክለው ድረስ። ሲመለሱም ዕድል ሆኖ እኔው ደረሰኝ። ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ዘቅዝቆ፣ «በፈረንጆች 2019 የደረሰበት የመኪና አደጋ ጨርሶት ነበር እኮ» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ከዚያ አደጋ በኋላ ስፔንስ ዳኒ ጋርሺያንና ዮርዴኒስ ኡጋስን ሲያሸንፍ ያለቀለት ነው ያለ ደጋፊ አላጋጠመኝም። ስፔንስና ክሮፎርድ ሁለቱም ከዚያ በፊት ሳይሸነፉ ነው የገጠሙት፤ ሰውም እኩያ ናቸው ብሎ ዓመታት ተከራክሯል። ክሮፎርድ ግን በሁለተኛው ዙር ጣለው፤ ስፔንስ በሙያ ዘመኑ ወድቆ አያውቅም ነበር። በሰባተኛው ሁለት ጊዜ ደገመው፤ በዘጠነኛው የመድረኩ ዳኛ አስቆመው። እስከዚያው ሦስቱም ነጥብ ሰጪዎች 79 ለ70 ለክሮፎርድ ጽፈው ነበር።

እኔን ያስገረመኝ የክሮፎርድ ከባድ ጡጫ ሳይሆን የቀኝ እጁ ጃብ (ከፊተኛው እጅ በፍጥነት የምትሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ) ነው። ስፔንስ ሊገባ ባሰበ ቁጥር ያቺ እጅ ቀድማ ፊቱ ላይ ትደርሳለች። ማታ ቤቴ ገብቼ ሁለተኛውን ዙር አራት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። አስተያየት ሰጪውም ይዩትና ይጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከላስ ቬጋስ