ለታሪክ መምህሩ ወዳጄ፣ ከአትላንታ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህስ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ብዙ ዘመን ተጠፋፍተን መቆየታችንን በስልክ እንወቃቀስበታለን፤ ዛሬ ግን የታሪክ መምህር በመሆንህ ትወደዋለህ ያልኩትን ጉዳይ ልጻፍልህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጬልሃለሁ።

ባራክ ኦባማ በ2008 ምርጫውን ባሸነፈበት ሌሊት ቺካጎ ላይ ባደረገው ንግግር ያነሳቸውን የ106 ዓመት አዛውንት ታስታውሳቸው ይሆናል። አን ኒክሰን ኩፐር ይባላሉ፤ በ1902 ቴነሲ ውስጥ ሼልቢቪል በምትባል ከተማ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን በአብዛኛው ያሳለፉት እዚሁ አትላንታ ነው። ኦባማ በእርሳቸው ዕድሜ መስመር ላይ የ1930ዎቹን የኢኮኖሚ ድቀት፣ የፐርል ሃርበርን ጥቃት፣ ጥቁሮች የዘር መለያየቱን በመቃወም አንሳፈርም ያሉባቸውን የሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡሶች፣ የጨረቃውን ጉዞ እያስከተለ ክፍለ ዘመኑን በጥቂት ደቂቃ አሻገረው። ንግግሩ ያማረ ነበር። እኔ ግን የመምረጥ መብት ሕጎቹ የወጡበትን ዓመትና የወይዘሮዋን ዕድሜ ጎን ለጎን ብጽፈው መንገዱ ያን ያህል የተቃና ሆኖ አልታየኝም።

ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠው 19ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1920 ሲጸድቅ ወይዘሮ ኩፐር ገና 18 ዓመታቸው ነበር፤ ለመምረጥ ደግሞ 21 መሙላት ግዴታ ነበር። በ1922 አንድ የጥርስ ሐኪም አግብተው ኑሯቸውን አትላንታ አደረጉ። ጆርጂያ ማሻሻያውን ከሁሉ ቀድማ ውድቅ ያደረገች ግዛት ስትሆን፣ ለስሙ እንኳ ያጸደቀችው በ1970 ነው። ከዚህ የከፋው ግን ዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩዎቹን የሚለይበት ምርጫ ለነጮች ብቻ የተከለለ መሆኑ ነበር፤ በዚያ ዘመን በጆርጂያ ያንን ዙር ያሸነፈ ሁሉንም ያሸነፈ ያህል ስለነበር፣ ጥቁር ዜጋ ቢመዘገብም የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር። ይህ እገዳ በፍርድ ቤት የፈረሰው በ1946 ነው። ወይዘሮ ኩፐር በመራጭነት የተመዘገቡት በ1941፣ በ39 ዓመታቸው ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ድምፅ ሳይሰጡ ቆይተዋል። የፌዴራሉ መንግሥት የጥቁሮችን የመምረጥ መብት በእርግጥ ማስከበር የጀመረበት ሕግ በ1965 ሲፈረም 63 ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

ደግሞ ልብ በልልኝ፣ እኒህ ሴት ድኻ አልነበሩም፤ የጥቁሮች መብት ተሟጋች የነበረውን ዱቦይስን ከመሰሉ ታላላቅ ምሁራን ጋር ወዳጅነት የነበራቸው የተከበሩ የከተማ እመቤት ናቸው። ኦባማ ከሚሊዮኖቹ መራጮች እንደ አንዷ አድርጎ ማቅረቡ ራሱ ጥቂት ያከራክራል። የመምረጥ መብቱ ለእርሳቸው ይህን ያህል ከዘገየ፣ በባለርስት መሬት ላይ ጥጥ በእኩል እያረሰች ለመመዝገብ ብትሞክር ከጎጆዋ የምትባረረው ገበሬ በንግግሩ ውስጥ ስፍራዋ የት ነው? እኔን የቆረቆረኝ ይኸው ነው።

ወይዘሮ ኩፐር ኦባማ ሥልጣን በያዘበት በ2009 መጨረሻ በ107 ዓመታቸው አረፉ። በእናንተ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ታሪክ ዛሬም በፕሬዚዳንቶች ተራ ነው የሚሰጠው? እስቲ ሳትዘገይ ጻፍልኝ፤ ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ