ደንገጎን ይወጣል ወይ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ካሉን አራት የኪራይ መኪኖች ሁለቱን ሸጠን በምትካቸው ሁለት የኤሌክትሪክ መኪና ማስገባታችንን ሰምታችኋል። ከዚያ ወዲህ የሚደውልልን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ አይደለም። «የትኛዋ ናት የምትመጣው?» ነው። «ቻርጅ የምትደረገዋ» ስንል ዝም ይላል። አንድ የቆዩ ደንበኛችንማ «አቦ ተዉኝ፣ ደንገጎ ላይ ቆሜ ፍየል ልጠብቅላችሁ?» ብለውናል። ስቀናል። ግን ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን አቀበት መኪናዋ ትወጣዋለች ወይ የሚለው ጥያቄ ቀልድ ብቻ ስላልሆነ በጽሑፍ እንመልስ አልን።

የድሬ ሰው ትልቅ ነገር መጣ ሲሉት ቶሎ አያምንም። ምክንያትም አለው። ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው አንድ ትልቅ ዕቅድ ደንገጎን መውጣት ስላቃተው ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲነሳ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር። ተራራውና ወጪው አስፈሩና ሐዲዱ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰ፤ ሐረር እንደጠበቀች ቀረች። አዲሱን ሰፈር «አዲስ ሐረር» ያሉትም ነበሩ። አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀበት።

ያም ባቡር ቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጭነቱን ያመላልሳል፤ ደግ ነው። ጣቢያው ግን ከከተማ ወጣ ብሏል። ድሮ ከባቡር ወርዶ በከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ በእግሩ ቤቱ ይገባ የነበረ ሰው ዛሬ ሻንጣውን ይዞ ከባጃጅ ጋር ዋጋ ይከራከራል። ይህን ያየ ሰው «ኤሌክትሪክ ጥሩ ነው ተብሏል» ስላልነው ብቻ ቤተሰቡን ጭኖ ሐረር አይወጣም። አንፈርድበትም።

እኛስ ለምን ገዛን? እውነቱን እንናገር፣ ለአየር ንብረት አዝነን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን አነሳ። ተገጣጥሞ ያለቀለት ሲገባ የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም ተባለ። አሮጌዎቹ ሁለቱ መኪኖቻችን ከሚሠሩበት ቀን ጥገና ላይ የሚተኙበት በልጦ ነበር። በዚያ ላይ የነዳጅ ሰልፉ አለ። ሹፌራችን ማደያ በር ላይ መኪና ውስጥ ያደረበት ሌሊት አለ። በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ገዝታችሁ ብትሠሩ ትርፉ የሻጩ ነው። ስሌቱን ሠርተን ገባንበት።

ወደ ደንገጎ እንመለስ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር 1,900 ትጠጋለች። መኪኖቻችን ከተሳፋሪ ጋር ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናሉ። ሁለት ቶን 700 ሜትር ሽቅብ ማንሳት ብቻውን ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ባትሪያችን 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ አቀበቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨርስም።

ደንበኛ ከመጫናችን በፊት ራሳችን አራት ሆነን ወጥተን ነበር። ከሳቢያን ሰፈር ስንነሳ ባትሪው 90 በመቶ ይላል። ኤሲው ተከፍቷል፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። መታጠፊያዎቹን ስንጀምር ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ይወርድ ጀመር። 84፣ 80፣ 77። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ «ይቺ ሐረር አትገባም» አለ። ደንገጎ አናት ላይ 75 ሆነ። ከዚያ መንገዱ ለጥ ሲል ቁጥሩም ተረጋጋ። ሐረማያን፣ አወዳይን አልፈን ሐረር ፈረስ መጋላ ቡና ስንጠጣ 68 ነበር። የገረመን መልሱ ነው። ደንገጎ ጫፍ 59 ይዘን ደረስን፤ ቁልቁለቱን ወርደን ድሬ ስንገባ 61 ሆኖ አገኘነው! ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን ይዞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። በቤንዚን መኪና ያንን ቁልቁለት ስንወርድ የሚሸተንን የፍሬን ሸራ ሽታ የምታስታውሱ ትስቃላችሁ።

ስለዚህ ሐረር ደርሶ መልስ፣ ሐረማያና ቁልቢ ያለ ስጋት እንሄዳለን። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 የቁልቢ መንገድ ሲጨናነቅም ችግር የለም፤ የቆመ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር አይዞርም። ጅጅጋና አዲስ አበባ ግን በኤሌክትሪኩ አንሄድም። መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጅ ቢገኝ እንኳ ሶኬቱ ላይገጥም ይችላል፤ የቻይናና የአውሮፓ ሶኬት ይለያያል። ለእነዚህ መንገዶች የቤንዚኖቹ ሁለቱ አሉ።

አሁን ወደ ጥፋታችን። ባለፈው ወር አንዲት እናታችን ሐረር ለቅሶ ለመድረስ ለሌሊቱ 11 ሰዓት መኪና ይዘው ነበር። የኤሌክትሪኳን መኪና ማታ ቻርጅ ላይ ሰካናት። እኛ ግቢ ባለው ሶኬት በሰዓት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚገባው፤ ግማሽ ባትሪ ለመሙላት ዘጠኝ ሰዓት ግድም ይፈልጋል። ሌሊት መብራት ጠፋ። ማንም ተነስቶ አላየም። ሲነጋ 24 በመቶ ብቻ ነበር። የቤንዚን መኪና እስኪመጣ ሰዓት አለፈ፤ እናታችን ቀብሩ ላይ አልደረሱም። ይህ የመብራት ጥፋት አይደለም፣ የእኛ ነው። መብራት እንደሚጠፋ የማያውቅ የድሬ ልጅ የለማ! ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። ከዚያ ወዲህ የነገ ጉዞ ያላት መኪና ከቀን ጀምራ ትሰካለች፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ 70 ካልሞላች ጉዞው ወደ ቤንዚኗ ይዛወራል።

ሙቀቱ ባትሪውን አያቃጥለውም ወይ ትላላችሁ። ሙቀት ባትሪን ያስረጃል፣ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ፀሐይ ላይ አናቆምም። ዳስ ሠርተንላቸዋል፤ ጎረቤት «ሰርግ አላችሁ እንዴ?» እስኪል። እሳትን በተመለከተ፣ ባትሪ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት ከቤንዚን ይከብዳል። በግጭት ታችዋ የተመታች መኪና ሳትፈተሽ ሰው አትጭንም። ከተማችንን ስለሚያቋርጠው ስለ ደቻቱ ወንዝም የጠየቃችሁ አላችሁ። ባትሪው ውሃ እንዳያስገባ ታሽጎ የተሠራ ነው። ቢሆንም የ1998ን የጎርፍ ክረምት ያየ ሰው ማሸጊያን አያምንም። ደቻቱ ከሞላ በኤሌክትሪክም በቤንዚንም አንሻገርም።

ዋጋው ለምን አልቀነሰም? መብራት ከቤንዚን እንደሚረክስ አልደበቅንም። የመኪናዎቹ ዕዳ ግን ገና አላለቀም፣ ክብደታቸውም ጎማ ቶሎ ይበላል። ዕዳው ሲቀንስ ስለ ሐረር ታሪፍ እንነጋገራለን።

እስከዚያ ስትደውሉ «ቤንዚኗን» ብትሉን ቤንዚኗ ትመጣለች፤ ጭማሪ የለውም፣ ቅሬታም የለንም። ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በየቅዳሜው ጠዋት 2 ሰዓት አንዷ መኪና ከግቢያችን ተነስታ ደንገጎ ደርሳ ትመለሳለች፤ ሂሳብ የለውም። ቦታው ለአራት ሰው ነው። ፍየል እጠብቃለሁ ላሉን ደንበኛችን የፊተኛውን ወንበር ይዘንላቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ኪራይ ቤታችሁ፣ ድሬዳዋ