ጃንሆይ እንቁላል ጣሉ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
የካቲት 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እንደ ድሮው ደብዳቤያችን «ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ብዕር አነሳሁና አፈርኩ። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ዝም ያለ ሰው በምን አፉ? እማማ ማረፋቸውን በዚያው ቀን ሰምቻለሁ። እህቴ ነገረችኝ። ነገ እደውልለታለሁ አልኩ፤ ነገ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። ከዚያ ወዲያ ስልክ ማንሳቱ ራሱ ሌላ ጥፋት መስሎ ይታየኝ ጀመር። ሰበብ አልደረድርልህም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ እስስት ነው። አትሳቅ።

ትልቋ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። ለልደቷ ውሻ ፈለገች፤ ባለቤቴ «ውሻ እቤት አይገባም» አለች። ድመት አለች፤ «ፀጉሯስ?» ስንደራደር ስንደራደር እስስት ላይ ታረቅን። እኔና አንተ ቁጥቋጦ ላይ ባየናት ቁጥር ድንጋይ ስናነሳባት የነበረችውን ፍጥረት በስንት ዶላር ከነቤቷ ገዝቼ ተሸክሜ ገባሁ። አናቷ ላይ ዘውድ የመሰለ ቀጥ ያለ አጥንት አላት። ሻጩ ወንድ ነው ስላለን፣ ዘውዱንም አይታ፣ ልጄ «ጃንሆይ» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት አንቱ የሚባሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

የዘራቸው አገር ሩቅ አይደለም፤ ባሕሩን ተሻግሮ የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ነው። እዚህ የሚሸጡት ግን በሰው እጅ የረቡ ናቸው፤ ፍሎሪዳ ላይማ አምልጠው ዱር ገብተው ይዋለዳሉ አሉ። ምግባቸው ፌንጣና በረሮ ነው። አዎ፣ በረሮ። አዲስ አበባ በፍሊት ስንፈጀው የኖርነው በረሮ እዚህ በካርቶን ታሽጎ በዶላር ቤታችን ድረስ ሲመጣ ባለቤቴ ያለችውን አልጽፍልህም።

ችግሩ ይህ ፍጥረት መታመሙን አይናገርም። ላም ብትታመም ማመስኳት ትተዋለች፣ ጆሮዋ ይወድቃል፣ ሞኝም ያውቀዋል። እስስት ግን የደከመ መስሎ የታየ ቀን የሚበላው ብዙ ነውና እስኪያቅተው ድረስ ደህና ይመስላል። ምልክቱ ወጥቶ ስታየው ሕመሙ ከርሟል ማለት ነው። ስለዚህ ያለህ አማራጭ በየቀኑ ጥቃቅኑን መሰለል ነው።

በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ጃንሆይ ጠቆሩ። ማለዳ መጥቆር ደህና ነው፤ ሌሊቱ ስላበረዳቸው ጎናቸውን ወደ መብራቱ ሰጥተው ጠቁረው ይሞቃሉ። ሲተኙ ደግሞ ይነጣሉ። ያኛው ግን ቀኑን ሙሉ ሆነ። ገላቸውን እንደ ቅጠል ጠፍጥፈው፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሱብናል። ለካስ ፊት ለፊታቸው የባለቤቴ ቁም ሣጥን መስታወት አለ፤ ጃንሆይ ሌላ ጃንሆይ ሲያዩ ነው የሚውሉት! እስስት ጎረቤት አይወድም። ሁለቱን በአንድ ቤት ማኖር፣ እንዲያው በሩቅ እንዲተያዩ ማድረግም፣ ማሰቃየት ነው። ቤታቸውን አዞርነው። ወለል ላይ የነበረውንም ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ሰቀልነው፤ ከበላያቸው የሚመጣባቸው ነገር ሁሉ ጭልፊት ይመስላቸዋልና ከሰው ዐይን በላይ ሲሆኑ ነው የሚረጋጉት። ዘውድ የጫነ ቢሆንም አይፈረድበትም። በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ሆኑ።

መቼም ሰው አቋሙን ሲቀያይር «እስስት» እንላለን። ስም አጥፍተናል። የተቀመጠበትን ለመምሰል ብሎ መቀየሩ እንደሚወራው አይደለም፤ ሲቆጣ ነው፣ ሲበርደው፣ ሲፈራ፣ ሴት ሲያይ። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2015 እ.ኤ.አ. በማዳጋስካር እስስት ላይ እንዳሳዩት፣ ቆዳው ውስጥ ጥቃቅን የጉዋኒን ክሪስታሎች ተደርድረዋል፤ ሲረጋጋ ይጠጋጋሉ፣ ሲቆጣ ይራራቃሉ፣ የሚመልሱት ብርሃንም አብሮ ይለወጣል። እንግዲህ የሚሰማውን ቆዳው ላይ ጽፎ የሚዞር ፍጥረት ነው። ፖለቲከኞቻችን እስስት ቢሆኑልን ምን ነበረበት።

ቀጥሎ ጭስ ጠረጠርኩ። ቅዳሜ ቡና ይፈላል፣ ዕጣኑን ታውቀዋለህ። ጃንሆይ አፋቸውን ከፍተው ባገኛቸው ሳንባ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ልዩነቱን ያስተማረችኝ ልጄ ናት። መብራቱ ሥር ሆነው ብቻ ከከፈቱ ሙቀት በዝቶባቸው ነው። ጥላ ውስጥም ሆነው አገጫቸውን ሽቅብ ካቀኑ፣ አፋቸው ዳር አረፋ ወይም ዝልግልግ ነገር ካለ፣ ሲተነፍሱ ጠቅ ጠቅ የሚል ከተሰማ ሳንባ ነው፤ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። የኛዎቹ መብራቱ ሥር ነበሩ። ቴርሞሜትር ባስገባ 37 ዲግሪ! 30 ገደማ ነበር የሚበቃቸው። መብራቱን ከፍ አደረግነው። ዕጣኑም ቢሆን ለሳንባቸው አይበጅምና የቡናው ረከቦት ምድር ቤት ወረደ። ይህቺን ባለቤቴ እስካሁን አልረሳችልኝም።

የውሃው ነገር አጭር ነው። በሰሃን ያስቀመጥንላቸው ውሃ ሳምንት ሙሉ አልተነካም፤ እነሱ የሚያውቁት ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ነው። አሁን ጠዋትና ማታ ቅጠሉን እንረጫለን። መጠጣታቸውን የሚነግርህ ኩሳቸው ነው፤ አብሮት የሚወጣው ጠጣር ሽንት ነጭ ከሆነ ጠጥተዋል፣ ብርቱካንማ ከሆነ ተጠምተዋል። ዐይናቸው ከጎደጎደ ደግሞ ጥሙ ቆይቷል። ዲግሪ የጫንኩ ሰውዬ በየማለዳው ስኒ ይዤ ቆሜ ኩስ ስመረምር ብታየኝ!

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። የሚያስፈራው አጥንቱ ነው። ልጄ ቤቱን መስኮት አጠገብ አስጠግታ «ፀሐይ ያገኛሉ» ስትል ማን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ? እማማ። ታናሽ እህትህ ስትወለድ ማለዳ ማለዳ ደጃፉ ላይ ቅቤ ቀብተው ፀሐይ ያሞቋት ነበር። አንድ ቀን አክስትህ ብርዱን ፈርታ ከመስኮቱ ጀርባ ታቅፋት ብትቀመጥ «መስታወት የጠጣው ፀሐይ ለልጅ አይሆንም፣ ውጪ!» ብለው አስነሷት። ያኔ ስቀንባቸዋል። ልክ ነበሩ እኮ! ቆዳ ላይ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው አልትራቫዮሌቱ ነው፤ የመስኮት መስታወት ደግሞ ያንን ያስቀረዋል። እስስትም እንደ አራስ ልጅ ናት። ያ ጨረር ከሌለ ምግቧ ላይ ካልሲየም ብትነሰንስላትም ከአንጀቷ እንደሚገባው አያልፍም፤ ገላዋ ከገዛ አጥንቷ እየመዘዘ ይበላል። እግሯ ይጎብጣል፣ መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል፣ የወረወረችው ምላስ አልመለስ ይላታል። ለዚሁ የተሠራ ረጅም መብራት ገዛን። እሱም አታላይ ነው፤ ሲያዩት እየበራ፣ ጨረሩ ግን ዓመት ገደማ ሲሆነው ይደክማል። ስለዚህ የገዛንበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፈንበታል። እማማ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ጥር አጋማሽ ላይ ጃንሆይ ምግብ ተዉ። መስታወት የለም፣ ሙቀቱ ልክ ነው፣ ኩሱ ነጭ ነው። ግን ከቅርንጫፋቸው ወርደው ወለል ይቧጭራሉ፣ ከጥግ ጥግ ይመላለሳሉ፣ የጠቆረው ጎናቸው ላይ ቢጫና ሰማያዊ ነጠብጣብ ወጣባቸው። ሊያመልጡ ነው ብለን በሩን በሲባጎ አሰርነው። በአራተኛው ቀን፣ በጠራራ ቀን፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሌላው ምልክት አንድ ሁለት ቀን ታየዋለህ፤ እስስት ቀን ላይ ዐይኑን ከጨፈነ ግን አይታደርም። ጣቴን ስሰጣቸው ጭብጣቸው ላልቷል፣ የፊት እግራቸው ይንቀጠቀጣል።

ያን ሌሊት ስልኬን አንስቼ ቁጥርህን አወጣሁ። አንተ ዘንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ ወደ ሥራ ልትወጣ ነው። «እማማን አፈር ሲያለብሱ ያልደወልኩት ሰውዬ ነኝ፣ እስስቴ ታሞብኝ ነው» ልበልህ? መልሼ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ የተሳቢ እንስሳት ሐኪም ፈልገን ወሰድናቸው፤ ውሻና ድመት የሚያክመው ሁሉ አይቀበልም። ሐኪሟ የኋላ ተረከዛቸውን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይቺ እኮ ሴት ናት» አለች። የዚህ ዘር ወንዱ ከእንቁላል ሲወጣ ጀምሮ ተረከዙ ላይ ትንሽ ጉጥ አለችው፤ የኛዋ የላትም። ራጅ ስትነሳ ሆዷ ጢም ብሎ እንቁላል። «ወንድ አይታ አታውቅም» አልኩ፣ የልጄን ክብር የምከላከል ይመስል። ሐኪሟ ሳቀች። ዶሮስ ያለ አውራ ትጥል የለ? ዶሮ ሲረባበት ያደግሁ ሰው ይህ እንዴት ይጠፋኛል! ልዩነቱ፣ ዶሮ ሣር ላይም ትጥለዋለች፤ እስስት ግን የምትቆፍረው አፈር ካላገኘች ይዛው ትቆያለች፣ ይዛውም ልትሞት ትችላለች። ያ ሁሉ መቧጨር ልመና ነበር። እኛ በር አሰርንባት።

መንቀጥቀጡን ስጠይቃት «ካልሲየሟ ወርዷል፣ እንቁላሉ ወስዶባታል» አለች። እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኜ ያቺ ቢሾፍቱ የነገርከኝ ላም ታየችኝ። ገና ተለማማጅ የእንስሳት ሐኪም ሳለህ፣ ያቺ ወተታም ፈረንጅ ላም በወለደች ማግስት ተጋድማ፣ አንገቷን ወደ ጎኗ ጥላ፣ ጌታዋ ቢላዋ ሲስል፣ አንተ ካልሲየሙን በደም ሥሯ ቀስ እያደረግህ ሰጥተህ ቆማ የሄደችው። «የወተት ትኩሳት ይሉታል፣ ትኩሳት ግን የለውም» ብለህ አስቀኸኝ ነበር። ያው ነገር እኮ ነው! በስልክ አንድ ደቂቃ ባልፈጀብህ። እኔ አራት ቀን ስልኬን አቅፌ ዞርኩ።

በአፏ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ካልሲየም ሰጠችንና ወደ ቤት። ትልቅ ባልዲ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ሞላን፤ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ሲቆፈር የማይናድ መሆን አለበት። ትልቁ ደንብ ግን አለማየት ነው፤ ሰው እንዳያት ካወቀች ጉድጓዱን ትታ ትወጣለች። ባለቤቴ፣ ያቺ በረሮ ስታይ የጮኸችው፣ ሳንነግራት አሮጌ ነጠላዋን አምጥታ ቤቱን ዙሪያውን ጋረደችው። «አራስ ቤት ነው፣ ዝም በሉ» አለችን። ቴሌቪዥኑም ተዘጋ። ሁለት ቀን ቆፈረች። በሁለተኛው ማታ ጣለች፣ አፈሩን መልሳ ሞላች፣ በእግሯ ደለደለችው፣ አሸዋ ለብሳ ወጥታ ቅጠል ላይ ያለውን ውሃ ሁሉ ላሰች። ልጄ ቆጠረች፤ 41። በወጥ ቤት ሚዛን ከ134 ግራም ወደ 88 ወረደች። ዐይኗ ግን ተከፈተ።

ወንድ ስላላያት አይፈለፈሉም። እስኪጣሉ ድረስ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው፣ ከበርበሬው ቀጥሎ፤ ባለቤቴ ላዩ ላይ «አይነካም» ብላ ጽፋበታለች።

አሁን ሐኪሟ የምታዝዘን ምግቧን እንድንቀንስ፣ የምትሞቅበትንም ወደ 27 ዲግሪ እንድናወርድ ነው፤ የጠገበችና የሞቃት እስስት ብዙና ቶሎ ቶሎ ትጥላለች፣ በዚያው ታልቃለች። ይህ ገብቶኛል። አንተን የምጠይቅህ ሌላ ነው። ያቺ ላም በሚቀጥለው ወሊዷ ደገማት? ቀድመህ የምታደርግላት ነገር ነበር ወይስ እስክትወድቅ ጠበቅህ? እስስትና ላም አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ግን ካንተ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ እደውላለሁ። ካላነሳህ ማታ እደግማለሁ። መጀመሪያ ስለ እማማ ትነግረኛለህ፤ እንዴት እንዳረፉ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበረ፣ ምን እንዳሉ። የላሟ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ወንድምህ

ይድረስህ፦ «እቴጌ» እንበላት ብል ልጄ እምቢ አለች። ጃንሆይ ናቸው፣ እንቁላልም ጥለዋል፣ አለቀ።