ተማሪዬን ማን ያያታል?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ስሆን፣ የምጽፈው ስለ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። የኅዳር ውርጭ ጣት በሚያደነዝዝበት ማለዳ፣ ደወል ሳይደወል፣ መረብ በሌለው ቀለበት ላይ ብቻዋን የቅርጫት ኳስ ትለማመዳለች፤ የኳሱ ቆዳ ተልጦ ጥቁሩ ጎማ ቢታይም፣ በግራ እጇ እያነጠረች ሄዳ 3.05 ሜትር ከፍታ ወዳለው ቀለበት ስትዘል ላያት ሰው ችሎታዋ ምስክር አያሻውም።

በአሜሪካ የኮሌጅ አሠልጣኞች እንዲህ ያለችውን ልጅ ገና በሁለተኛ ደረጃ ሳለች ተከታትለው ይመለምሏታል፤ ብዙ ኮሌጆችም የትምህርት፣ የምግብና የመኖሪያ ወጪዋን ይሸፍናሉ፣ ይሁንና የትምህርት ውጤቷ ከተወሰነው በታች ከሆነ አትሰለፍም፤ ይህን ደንብ በበኩሌ እጅግ እደግፈዋለሁ። በእኛ አገር ግን የዩኒቨርሲቲ መግቢያው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በመሆኑ ሜዳዋን መጥቶ የሚያይ የለም። አምና ለአንድ ውድድር ተመርጣ የመጓጓዣ ገንዘቡ ሳይለቀቅ ሲቀር፣ ቦርሳዋን አንግታ እስከ ቀትር በር ላይ መቆሟ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፈተናው ይቅር አላልኩም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ በተለይም የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ አሠልጣኞቻቸውን ወደየትምህርት ቤቱ ልከው ፈተናውን ላለፉ ስፖርተኞች ቦታ እንዲይዙላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር፣ ከሰሜን ሸዋ