«ድጎማ» ያላችሁት ላቤ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከአሜሪካ ሆኖ የትዳር ጓደኛን ስለማስመጣት ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ቀድመውኝ ያነበቡት አማቴ ናቸው። «በአካል ጉዳት ምክንያት ከመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ሰው ባል ወይም ሚስት ማምጣት አይችልም» የምትለዋን መስመር ፎቶ አንስተው ለባለቤቴ ላኩላት፤ እሷም ለእኔ። እኔ ዘንድ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ከሥሩ የጻፈችው «እውነት ነው?» የሚል ብቻ ነው። አይደለም ብዬ መለስኩላት። «ታዲያ ጋዜጣው እንዴት ጻፈው?» አለችኝ። ጥያቄዋን ለእናንተ አስተላልፌያለሁ።

ስህተቱ ያለው «ድጎማ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። እዚህ አገር ሰው «ዲስኤቢሊቲ ላይ ነኝ» ሲል ከሁለት ነገር አንዱን ማለቱ ነው። ኤስኤስዲአይ ሠርቶ ሲከፍል የኖረ ሰው የሚያገኘው መድን ነው። ኤስኤስአይ ደግሞ ገቢና ጥሪታቸው በጣም አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚሰጥ ነው። ሁለቱንም የሚከፍለው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ነው፤ ስማቸውም የሚለያየው በአንዲት «ዲ» ስለሆነ ቢምታታባችሁ አልፈርድም። የምፈርደው ሳትጠይቁ በመጻፋችሁ ነው።

እኔ 14 ዓመት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስጭንና ሳወርድ ኖሬያለሁ። ከእያንዳንዱ ቼኬ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ ይቆረጥ ነበር፣ አሠሪዬም ያንኑ ያህል ይከፍል ነበር። ቁርጥራጭ ወረቀቶቹ እስከ ዛሬ አልጋዬ ሥር በካርቶን አሉ። አከርካሪዬ ተጎድቶ ሥራ ስተው ሕጉ የሚያስጠብቀውን አምስት ወር ያለ ሳንቲም ጠብቄ ነው ክፍያው የተጀመረልኝ። ይህ ድጎማ ከሆነ፣ ዕቁብ የደረሰው ሰው ሁሉ ተመጽዋች ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ስፖንሰር አድራጊው፣ ማለትም የትዳር ጓደኛውን የሚያስመጣው ሰው፣ የሚሞላው አይ-864 የተባለው ፎርም የሚጠይቀው ገቢህ ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ ይደርሳል ወይ ብሎ ነው። በ2025 ሰንጠረዥ ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር ነበር። ኤስኤስዲአይ በገቢነት ይቆጠራል። የእኔ በወር 2,240 ነበር፣ በዓመት 26,880። በ443 ዶላር አለፍኩ! ከሶሻል ሴኩሪቲ የመጣልኝን ደብዳቤ ስልኩ ካሜራ ላይ አስጠግቼ፣ ቁጥሩን በጣቴ እየተከተልኩ ለአማቴ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያ «ጋዜጣው ግን…» አሉ።

ኤስኤስአይ የሚያገኙትንስ ማን ከለከላቸው? በ2025 ለአንድ ሰው ከፍተኛው የፌዴራል ክፍያ በወር 967 ዶላር ነበር፤ ሕጉ ይህን በገቢነት አይቆጥርላቸውም። አይቆጠርም ማለትና አይፈቀድም ማለት ግን አንድ አይደለም። ራሳቸው ፎርሙን ይሞላሉ፣ ገቢው የሚበቃ ጆይንት ስፖንሰር ደግሞ አብሯቸው ይፈርማል። እሱም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር ይሁን እንጂ ዘመድ መሆን የለበትም።

ቀላል ነው አልልም። የሚፈርመው ሰው የሚገባው በገንዘብ የመደገፍ ግዴታ፣ የመጣችው ሚስት ዜጋ እስክትሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ዘመን (አሥር ዓመት ገደማ) እስኪቆጠርላት የሚዘልቅ ነው፤ ባልና ሚስቱ ቢፋቱ እንኳ አይፈርስም። ይህን ሰምቶ ብዕሩን ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ፣ አልቀየምኩትም። ከመጣች በኋላም የእሷ ደመወዝ የባሏን ኤስኤስአይ ሊቀንሰው ይችላል። የባልና ሚስት ጥሪት ከ3,000 ዶላር እንዳይበልጥ የሚለው ጣሪያ ከ1989 ጀምሮ ፈቀቅ አላለም። እውነተኛው መከራ ያለው እዚህ ነበር። እናንተ ግን አልፋችሁት፣ የሌለ ክልከላ ይዛችሁ መጣችሁ።

ጠበቃ አናግራችኋል፣ ፎርም ሞይ አናግራችኋል፣ ኤርፖርት አበባ ይዞ የቆመ ሙሽራ ሳይቀር አናግራችኋል። አካል ጉዳተኛ ግን አንድም የለም። ከዘራ የያዘ ሰው አያገባም ብላችሁ ይሆናል። እኔንም አንድ ፎርም ሞይ «አንተ እኮ መንግሥት ላይ ነህ፣ አይሆንልህም» ብሎ ገንዘቤን ተቀብሎ ሸኝቶኝ ነበር። እሱን አምኜ ዓመት ከስድስት ወር ተቀመጥኩ። ያን ወሬ በጋዜጣ ታትሞ ሳየው ምን እንደተሰማኝ ለእናንተ ልተወው።

እርማቱ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣልኝ። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ በጉንዳን ፊደል ካተማችሁት አማቴ መነጽራቸውን አድርገውም አያገኙትም። ትናንትም «ምን አሉ?» ብለው ጠይቀውኛል።

ባለከዘራው አንባቢያችሁ